አውድማ ያላየው እህል

በቆሎን የሚያነሡ የታሪክ መጻሕፍት የሚተርኩት ስለ ደረቁ ነው፤ በኩንታል ስለተሰፈረው፣ በመርከብ ስለተጫነው፣ ወፍጮ ስለገባው። እሸቱ አውድማ ሳይደርስ ስለሚያልቅ ሰፋሪም ጸሐፊም አያገኘውም። እኔ ግን ይህ እህል ከሰው ቤት የገባው ከወፍጮው በፊት በእሳቱ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ከአገር ወደ አገር ሲሻገርም መንገዱን የጠረገለት ማንም ያልሰፈረው እሸት ነው። ስለዚህ ከማሳ ተቀንጥሶ በቀጥታ ረመጥ ላይ የሚያርፈውን በቆሎ ከመነሻው ጀምሬ ልከተለው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሲጀመር የሚጠበስ እሸት የሚባል ነገር አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ የባልሳስ ወንዝ በሚወርድበት ሸለቆ፣ ቴዮሲንቴ የሚባል ረጅም የዱር ሣር ይበቅላል። ዛላው የሚይዘው ከደርዘን የማይበልጡ ፍሬዎች ነው፤ እያንዳንዱም ፍሬ ጥርስ በማይበግረው ቅርፊት ተዘግቷል። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ የሸለቆው ነዋሪዎች ይህን ሣር ማልመድ ጀመሩ። ምን አይተውበት ነው? ጥያቄው ምሁራንን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ኋላ በ1958 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆኑት ጆርጅ ቢድል፣ በ1939 ባወጡት አጭር ጽሑፍ ቴዮሲንቴ እሳት ሲነካው እንደ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳና ቅርፊቱን ጥሶ እንደሚወጣ አሳይተዋል። የዕፅዋት ተመራማሪው ሂው ኢልቲስ ደግሞ ሰዎቹን መጀመሪያ የሳባቸው ፍሬው ሳይሆን ጣፋጩ አገዳ ነው ብለው ተከራክረዋል፤ የእኛ ልጆች ጥንቅሽ እያኘኩ እንደሚመጡት መሆኑ ነው። ኢልቲስ ያሉት የማይታመን አይደለም። ልቤ የሚያደላው ግን ወደ ቢድል ነው፤ ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ለተራበ ሰው የሚከፍትለት ከእሳት የቀረበ መሣሪያ አልነበረምና።

በጌሬሮ ግዛት፣ ሺዋቶስትላ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ በጥንታዊ የመፍጫ ድንጋዮች ላይ የ8,700 ዓመት ዕድሜ ያለው የበቆሎ ስታርች ቅሪት ተገኝቷል። በኦአሃካ ግዛት ጊላ ናኪትስ ዋሻ ውስጥ የተገኙት ቆረቆንዳዎች ደግሞ 6,250 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በእነዚህ ሁሉ ትውልዶች ገበሬዎቹ የተሻለውን ዘር እየመረጡ ሲያስቀሩ ቅርፊቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። የዘር ተመራማሪው ጆን ዶብሊና ባልደረቦቻቸው በኋላ እንዳረጋገጡት፣ ፍሬውን ከምሽጉ ያወጣው በዋናነት በአንድ ጂን ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ለእሸት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም። ቅርፊት የለበሰ ፍሬ ደርቆ ሊፈነዳ ወይም ሊፈጭ ይችል ይሆናል፤ ወተት እንደያዘ ግን አይጋጥም።

ወተት የሚይዘው ጺሙ ከወጣ ሃያ ቀን ገደማ ሲሆነው ነው። በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ፈሳሽ ይረጫል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ፣ ውሃው እየቀነሰ፣ ፍሬው እየጠና ይሄዳል። ለጥብስ የሚመቸው ዕድሜ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ካለፈ ካለፈ ነው፤ የሚቀረው ንፍሮ ወይም ዱቄት ማድረግ ነው።

የሜክሲኮዎቹ አዝቴኮች ለዚህ አጭር ዕድሜ አምላክ አቁመውለት ነበር። ሺሎኔን ይሏታል፤ የለጋ በቆሎ እመቤት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የፍራንሲስካን መነኩሴ በርናርዲኖ ደ ሳአጉን ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንደጻፉት፣ በዓሏ የሚከበረው ያለፈው ዓመት ጎተራ በተሟጠጠበትና አዲሱ አዝመራ ገና ባልደረሰበት ወቅት ነበር። ከበዓሉ አስቀድሞ ገዢዎቹ ለችግረኛው ሕዝብ ለቀናት ምግብ ያድላሉ። በዕለቱ ሺሎኔንን መስላ የለበሰች ሴት ትሠዋለች፤ ለጋው በቆሎ ለሰው አፍ የሚፈቀደው ከዚያ ወዲያ ነው። መሥዋዕቱን ሲያነቡት ይዘገንናል። ቢሆንም የእሸት መድረስ ለአንድ ሕዝብ የሞትና የሕይወት ጉዳይ እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ አላውቅም።

በኖቬምበር 1492 ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ወደ ኩባ ውስጥ የላካቸው ሁለት ሰዎች ሲመለሱ፣ ነዋሪዎቹ የሚዘሩትን አንድ ያልታወቀ እህል አወሩለት። ከዚያ በኋላ ዘሩ በፍጥነት ተጓዘ። ሊዮንሃርት ፉክስ በ1542 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ በቆሎ በሥዕል ሲታይ ገና ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ግን ከቱርክ የመጣ መስሎት ነበር። ያን ያህል ፈጥኖ ነው መነሻው የተረሳው።

አብሮ የተረሳ ሌላም ነገር አለ። የሜክሲኮ ሴቶች የደረቀውን በቆሎ በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ቀቅለው ነበር የሚፈጩት። ይህ ዘዴ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት እንዲያገኘው ያደርጋል። አውሮፓውያን ዘሩን ወሰዱ፣ ዘዴውን ግን ተዉት። ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በ1735 በአስቱሪያስ ድሆች ላይ ያየው ቆዳ የሚያቆስል በሽታ፣ ኋላ ፔላግራ የተባለው፣ ከበቆሎ በቀር ሌላ የማይቀምሱ ሰዎች ዕዳ ነበር። የኖራው ቅቅል አስተማሪ ይሻ ስለነበር ባሕሩን አልተሻገረም። እሸት እሳት ላይ ማጋደም ግን አስተማሪ አይሻም። በአባይ ዳር በግብፅ፣ በኢስታንቡል አደባባዮች፣ በሕንድ መንገዶች፣ በናይሮቢ ጥጋጥግ ዛሬ የሚሸተው ጭስ አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ሕንዶች ሎሚና በርበሬ ያሹበታል፣ ኬንያውያንም እንዲሁ፤ ሜክሲኮዎች አይብ ይጨምሩበታል። ከሥሩ ያለው እሳት ግን አልተለወጠም።

ወደ ኢትዮጵያ በቆሎ የገባው ከ16ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደሆነ ይገመታል። ሲመጣ ያገኘው አገር ጦም ያደረ አልነበረም። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ማሽላው፣ ዳጉሳው እያንዳንዱ ቦታውንና ወቅቱን ይዟል፤ እንጀራውም ጠላውም በእነሱ ተደላድሏል። በበሬ የሚታረሰው ማሳ ባለቤት ነበረውና እንግዳው ወደ ጓሮ ገባ። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ግብርና ታሪክ ያጠኑት ጀምስ ማካን፣ በ2005 ባሳተሙት ስለ በቆሎና ስለ አፍሪካ በሚያወሳ መጽሐፋቸው፣ በሰሜኑ ደጋ በቆሎ ለብዙ ዘመን እንደ ጓሮ አትክልት እንጂ እንደ ማሳ እህል እንዳልታየ ያሳያሉ። ከጎመኑና ከዱባው ጎን፣ አመድና ፍግ በሚደፋበት ለም መሬት፣ ቤቱን ተጠግቶ ይበቅላል። ዝንጀሮና ወፍ የሚጠብቅለት ሰው ከደጁ አይጠፋም።

ይህ ቦታ ዝቅተኛ ይመስላል። ለእኔ ግን በቆሎ በኢትዮጵያ ያገኘው ዋና ክብር ይህ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ያየ ገበሬ ያውቀዋል፦ ጎተራው ተጠርጎ፣ ጤፉ ገና ቡቃያ ሆኖ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ከዘመድ መበደር እንኳ አሳፋሪ በሚሆንበት ጊዜ በቆሎው ጺም ያወጣል። ቀድሞ የተዘራው ቀድሞ ይደርሳል። መውቃት የለ፣ ማበራየት የለ፣ ማስፈጨት የለ፣ ማቡካት የለ። ልጅ ሮጦ ሁለት ይቀነጥስና ከነልባሱ ረመጥ ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ ቤቱ በዚያች ደቂቃ ሽታውን ይለውጣል። የፍልሰታ ጾምም የሚውለው በዚሁ በነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ቅዳሴ አስቀድሶ በዝናብ ለተመለሰ ጾመኛ፣ ቅቤም ወጥም የማይሻ ትኩስ እሸት ከመድረስ የተሻለ ምን አለ?

ሌላም ነገር አለ። አሥራት ይቆረጥ የነበረው አዝመራው ሲታይና እህሉ ሲሰበሰብ ነው። በነሐሴ ጓሮ ውስጥ ተጠብሶ የተበላ በቆሎ ግን አውድማ አያውቅም፤ ጌታውም ጭቃ ሹሙም ሊሰፍሩት አይችሉም ነበር። የቤቱ እመቤት አንድ ጥግ መሬት ላይ በገዛ እጇ የምታዝበት ምግብ ነበር ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ጉልትና ስለ ርስት የጻፉትን ያህል ስለዚህች ጥግ ቢጽፉ ኖሮ፣ የአገሬው ሰው ክፉውን ክረምት እንዴት ይሻገር እንደነበረ ይበልጥ እናውቅ ነበር።

በቆሎ የኢትዮጵያን ጓሮ እየለመደ ሳለ፣ በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች መንደሮች መድረሱ እንደ ትልቅ በዓል ይከበር ነበር። ዊልያም ባርትራም የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1770ዎቹ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሲዘዋወር ያየውን በ1791 አሳትሟል። የማስኮጊ ሰዎች አዲሱ በቆሎ ሲደርስ ቤታቸውን ይጠርጋሉ፣ አሮጌ ልብሳቸውንና የተረፈ አሮጌ እህላቸውን አውጥተው ያቃጥላሉ፣ ለሦስት ቀን ይጾማሉ። በመንደሩ ያለው እሳት ሁሉ ይጠፋል። ወንጀል ሠርቶ የሸሸ ሰው ምሕረት አግኝቶ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ካህኑ በአደባባይ ደረቅ እንጨት ከእንጨት አፋግቶ አዲስ እሳት ያወጣል፤ ከዚያ እሳት ለየቤቱ ይታደላል። ሴቶች ወደ ማሳ ወርደው እሸቱን ይዘው የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ እሸት በአሮጌ እሳት አይጠበስም ነበር።

በ1779 ይህ የነባር ሕዝቦች ዓለም በሰሜኑ በኩል ከባድ ምት አገኘው። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት እየተካሄደ ሳለ ጆርጅ ዋሽንግተን ጄኔራል ጆን ሱሊቫንን ወደ ሆዴኖሾኒ ሕዝቦች ምድር፣ ዛሬ ኒው ዮርክ ወደሚባለው ግዛት ምዕራብ ላከ። ኢሮኳ በመባልም የሚታወቁት እነዚህ ሕዝቦች አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጎን ቆመው ነበር። በኦገስት መጨረሻ በኒውታውን ከተደረገው ውጊያ በኋላ ሱሊቫን ወታደሮቹን ግማሽ ስንቅ እንዲቀበሉ ሲጠይቃቸው በእልልታ ተቀበሉት። በዙሪያቸው ወተት የያዘ በቆሎ እስከ አድማስ ቆሟልና ማን ዱቄት ይሸከማል? በየምሽቱ በቆሎ እየጠበሱ እንደበሉ የዕለት ማስታወሻዎቻቸው ይመሰክራሉ። ጠዋት ተነሥተው የቀረውን ይጨፈጭፉና ያቃጥሉ ነበር። ሱሊቫን በሪፖርቱ 40 መንደሮችና 160,000 ቡሽል (የእህል መስፈሪያ ነው) በቆሎ እንዳወደመ ጽፏል። ተፈናቃዮቹ በሺዎች ሆነው ወደ ናያጋራ ምሽግ ሸሹ። የተከተለው ክረምት እጅግ የከፋ ብርድ ነበር፤ ብዙዎች በረሃብና በቅዝቃዜ አለቁ። 

ዛሬ በመላው ዓለም ጣፋጭ በቆሎ የሚባለው ዓይነት ወደ ነጮቹ ሰፋሪዎች እጅ ስለገባበት መንገድ የሚነገረው ታሪክም ከዚያው ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው። ሪቻርድ ባግናል የተባለ መኮንን ከኢሮኳ ማሳ ያገኘውን ዘር ወደ ፕሊመዝ፣ ማሳቹሴትስ ይዞ ተመለሰ ይባላል። ይህ በቆሎ ከሌላው የሚለየው በአንድ የተፈጥሮ ጉድለት ነው፦ ስኳሩን ወደ ስታርች የሚለውጠው ሥርዓት በትክክል አይሠራም፤ ስለዚህ ጣፋጭነቱ ይቆያል፣ ሲደርቅም ፍሬው ይጨማደዳል። ነባሮቹ ሕዝቦች ይህ ጉድለት ሀብት መሆኑን አውቀው ለትውልድ ጠብቀውታል። ስማቸው ግን በዘር ሻጮች ካታሎግ ላይ አልወጣም።

ካታሎጉን የሞላው ሌላ ስም ነው። በ1902 የፊላደልፊያው በርፒ የዘር ድርጅት ጎልደን ባንታም የተባለ ቢጫ በቆሎ ለገበያ አቀረበ። እስከዚያ አሜሪካኖች ቢጫ በቆሎ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ነው ይሉ ነበር። የማሳቹሴትሱ አትክልተኛ ዊልያም ቻምበርስ ያረባው ይህ ዘር ያንን እምነት ገለበጠው። ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከቤተ ሙከራ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዘር ተመራማሪ የነበሩት ጆን ላፍናን ሲደርቅ የሚኮማተር አንድ የበቆሎ ዓይነት ሲያጠኑ ፍሬውን ቀምሰው ባልተለመደ ጣፋጭነቱ ተገረሙ። በ1953 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ በ1961 ከዚሁ የተገኘ ዲቃላ ዘር ገበያ ወጣ። የድሮው ጣፋጭ በቆሎ ተቆርጦ በሞቃት ቦታ ከዋለ በአንድ ቀን ውስጥ የስኳሩን ግማሽ ያህል ያጣ ነበር። አዲሱ ለቀናት ይቆያል፤ በመኪና ተጭኖ አገር ያቋርጣል።

ስለ አዲሱ በቆሎ የማስበውን ልናገር። ለቅቅል ግሩም ነው። ለከሰል ግን ውሃውም ስኳሩም በዛበት፤ ላይ ላዩ ሲያር ውስጡ ይቀቀላል። ከኢትዮጵያ ሄደው አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች የሱፐርማርኬቱ በቆሎ አልጣማቸው ሲላቸው የአገር ናፍቆት ብቻ አይደለም። እኛ የምንጠብሰው የማሳ በቆሎ ነው፤ ወተቱ ሊጥ ወደ መሆን ሲቃረብ የተቀነጠሰ፣ የሚያኝኩት፣ ዳር ዳሩ ሲያር የሚንጣጣ። ስታርቹ ነው ያንን ቡናማ ቅርፊት የሚያወጣው።

ያ በቆሎ በኢትዮጵያ ከጓሮ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በደቡብና በምዕራብ ሰፊ ማሳ እየያዘ ሄደ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል በ1993 ቢኤች-660 የተባለውን ዲቃላ ዘር አወጣ። በዚያው ዓመት የግብርና ሳይንቲስቱ ኖርማን ቦርሎግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የመሩት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ የግብርና ፕሮግራም ሥራውን በኢትዮጵያ ጀመረ፤ በሠርቶ ማሳያ ማሳዎች ላይ የታየው ምርት መንግሥትን አሳመነ። በ1990 በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ የነበረው አማካይ ምርት በ2013 ከ30 ኩንታል አልፏል። በቆሎ ከጤፍ ያነሰ መሬት ይዞ በምርት ብዛት የአገሪቱ አንደኛ እህል ሆነ።

ይህ ድል ያለ ዕዳ አልመጣም። በ1998 በጎጃም ቡሬ አካባቢ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የማነ የእብዮና የሃርቫርድ ባልደረቦቻቸው በዘመኑ ባደረጉት ጥናት የወባ ትንኝ እጮች በኩሬ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ሲመገቡ በቶሎ እንደሚያድጉና እንደሚበረክቱ አሳዩ። ማካን ከዚህ ተነሥተው የሚያቀርቡት ክርክር አለ፦ የድሮው የጓሮ በቆሎ ቀድሞ ያብብ ነበር፤ ቢኤች-660 ግን ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ አበባው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ትንኙ በሚራባበት ጊዜ ይረግፋል። ከዚያ የ2002 ውድቀት መጣ። ሁለት ጥሩ አዝመራ ተከታትሎ የበቆሎ ዋጋ በአንዳንድ ቦታ እስከ 80 ከመቶ ወረደ፤ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ የማጨጃ ዋጋ እንኳ የማያወጣ እህል ታቀፈ። በዚያው ዓመት ድርቅ ገብቶ በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ለደረቅ በቆሎ ጎተራም መንገድም ገዢም ያስፈልጉታል። እነዚህ ሳይዘጋጁ ምርቱ ብቻ ቀደመ።

በዚያም ሁሉ መካከል በቆሎ ጠባሿ ሥራዋን አላቋረጠችም። በአዲስ አበባ ዝናቡ ሲጠና የከሰል ምድጃዋን ይዛ ታክሲ መያዣው ጥግ ላይ፣ ከሱቅ ታዛ ሥር ትቀመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ መነሻዋም አንድ ማዳበሪያ እሸትና ጥቂት ከሰል ነው። ልባሱን ወደ ኋላ ገልብጣ ፍሬውን በጥፍሯ ትሞክራለች። ጨርሶ ለጋ የሆነው እሳት ላይ ይሟሽሻል፣ የጠናው ጥርስ ያደክማል፤ እሷ የምትፈልገው መካከሉን ነው። ከሰሉ ነበልባል እስኪያቆምና አመድ እስኪለብስ ትታገሣለች። ከዚያ በካርቶን እያራገበች፣ በጣቷ እያዟዟረች፣ ወገን ለወገን እኩል እስኪቀላ ትጠብቃለች። ቀድሞ ያነሡት በቆሎ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ የዘገየ ይመርራል። ሰዓት አታይም፤ የምታዳምጠው የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች መንጣጣት ነው። መንገደኛው በራሱ ልባስ ጠቅልላ የሰጠችውን ተቀብሎ፣ ግማሹን ለጓደኛው ሰብሮ፣ እየጋጠ ይሄዳል።

አሁን ወቅቱም እየተለወጠ ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ በመስኖ የሚለማ እሸት በበጋ ወደ አዲስ አበባ ይገባል፤ በዐቢይ ጾምም ጥብስ መግዛት ይቻላል። የከተማው ሰው እሸት ለመብላት ክረምት መጠበቁ እየቀረ ነው። መስኖ በሌለበት ደጋ ግን የጓሮው በቆሎ ዛሬም የሚደርሰው ጎተራው ባዶ በሆነበት በዚያው ነሐሴ ነው፤ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ቤቱ ያንን ሳምንት የሚሻገርበት ሌላ እህል የለውም።